አንድ ቅዳሜ ስጡን፦ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን አመራሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶችና ምክትል ፕሬዚዳንቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የካምፓስ ተማሪዎች ታዳጊዎችን የሚያስተምሩበት አንድ ቅዳሜ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ነው። ተማሪዎቼ በክፍላቸው መስኮት የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች ያያሉ። ውስጡን ግን አያውቁትም። የሚያውቁት በሩን፣ በሩ ላይ የሚቆሙትን ጥበቃዎች፣ ፊት ለፊት የተደረደሩትን ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የካምፓስ ልጆች ማታ ማታ ሻይ የሚጠጡበትን ሰፈር ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ግቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊፈተኑ ሲሄዱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደሚሰጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያስተናገዳችሁት እናንተ ናችሁ። ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደ ርምጃ ስለሆነ አልቃወመውም፤ እንዲያውም እንደ መምህር ደግ አደረጋችሁ ባይ ነኝ። ብቻ ነገሩን በልጁ ዓይን እዩት። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይመጣል። በር ላይ ይፈተሻል። ስልክ ክልክል ነው። ፖሊስ አለ። ከዚያ የሕይወቱ ትልቁ ፈተና ነው የተባለውን ይፈተናል፣ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ውጤቱ ካልመጣለት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር በሕይወቱ ያ ፍተሻና ያ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምጠይቀው ልጆች ከዚያ ቀን በፊት አንድ ጊዜ በዚያ በር እንዲገቡ ነው። ለፈተና ሳይሆን ለመማር። የሚያስተምሯቸውም የእናንተው ተማሪዎች ይሁኑ። የሚያስተምሩት ደግሞ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስትን ሳይሆን ራሳቸው የሚወዱትን፣ ማታ ዶርም ውስጥ የሚከራከሩበትን ነገር ይሁን። አንድ ትምህርት አንድ ሰዓት። ፈተና የለ፣ ማርክ የለ፣ ደረጃ የለ። ልጁ የሚፈልገውን መርጦ ይገባል፤ ካልጣመው ተነስቶ ይወጣል።

ይህ ከኔ ጭንቅላት የፈለቀ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚባለውን የቴክኖሎጂ ተቋም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚሠራ፣ በተማሪዎች የሚመራ የትምህርት ፕሮግራም አለ። ከሥራዎቹ ዋነኛው ስፕላሽ ይባላል። በኅዳር ወር አካባቢ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ግቢውን ይሞሉታል። በመቶዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ትምህርቶች ይሰጣሉ። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ስለ ኳንተም ፊዚክስ ያስተምራል፣ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ያለችው ወረቀት ማጠፍ ታሳያለች። ክፍያ አለው፤ መክፈል ለማይችል ግን ይቀርለታል። ሐሳቡ ወደ ስታንፎርድ፣ ወደ ዬልና ወደ ቺካጎም ተሻግሯል።

«አይ፣ ያ አሜሪካ ነው፤ ገንዘብ አላቸው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ነገሩን ስታዩት ገንዘብ የሚበላ አይደለም። ባዶ ክፍል፣ ጠመኔ፣ ማስተማር የሚፈልግ ወጣትና መማር የሚፈልግ ልጅ ነው የሚያስፈልገው። ባዶ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ሞልቷችኋል። ቀሪዎቹንም ከየት እንደምናመጣ አውቃለሁ።

ደግሞም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. (ያቺው 1957፣ በኛ አቆጣጠር) የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኞቹ የሄዱት ሊያስተምሩ ነው። ዛሬ ሽማግሌ የሆኑ ስንት ሰዎች «ሒሳብን ያስወደደኝ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ልጅ ነበር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ከዚያ በ1967 እድገት በኅብረት መጣ። ወደ ስልሳ ሺሕ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የዚያን ዘመቻ መልካሙንም መራራውንም ታሪክ የኖሩበት ሰዎች አሉ፤ ለነሱ ልተወው።

አንድ ነገር ግን ልበል። እኛ አገር የካምፓስ ተማሪ ያስተምር ሲባል ወዲያው ዘመቻ ነው የሚታሰበን። ከላይ ይታዘዛል፣ አገር ያዳርሳል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ የተሳታፊዎች ብዛት በዜና ይነገራል። ክረምት ላይ በየወረዳው የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርትም ከዚሁ አመል አልወጣም። ክፉ ነው አልልም። ለቤተሰቡ የተመለሰ የካምፓስ ልጅ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ እንግሊዝኛና ሒሳብ ሲያስጠና ማየት ደስ ይላል። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ቤተሰብም ትልቅ እፎይታ ነው። ግን እሱም ያው ትምህርት ቤት ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል»። ዓመቱን ሙሉ በዚህ የሰለቸ ልጅ ክረምትም ይኸው ነው የሚጠብቀው።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት እንዳሉም አልዘነጋሁም። ሮቦት የሚገጣጥሙ፣ ኮድ የሚጽፉ ልጆች አይቻለሁ፤ ኮርቻለሁም። ነገር ግን እዚያ የሚገባው በአብዛኛው ተመርጦ ነው። የሚመረጠው ደግሞ በውጤቱ ነው። ከክፍሌ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡትን እልካለሁ። ሠላሳ አራተኛ የሚወጣውስ? እሱን የሚጠራው የለም። የኔ ደብዳቤ በዋናነት ስለሱ ነው።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዘንድሮ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ፣ ሴሚስተር ሲዘጋ ሊጠይቀኝ መጣ። «ለልጆቹ የሆነ ነገር አሳያቸው» አልኩት። ያለ ዝግጅት ማለት ነው። ጠመኔ አነሳና 9ኛ ክፍሎቹን «የ2018 እንቁጣጣሽ ምን ቀን ዋለ?» አላቸው። «ሐሙስ!» አሉ። «የ2019ስ?» ዝም። ከኋላ አንዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «ስልክ የለም» አለው እየሳቀ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። 2019 ላይ 5500 ደምሩ፤ 7519። ለአራት አካፍሉ፣ ትርፉን ተዉት፤ 1879። ሁለቱን ደምሩ፤ 9398። አሁን ለሰባት አካፍሉና የሚተርፈውን ንገሩኝ። ወረቀት ላይ ሲፋጭ የሚሰማው የእስኪርቢቶ ድምፅ ብቻ ነበር። «አራት!» አለች አንዷ። «አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ፣ አራት ዓርብ። የሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው። ሳትጠብቁ አወቃችሁት።»

ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመን አቆጣጠር ስሌት ነው። አባቶቻችን በቃላቸው ሲያሰሉት የኖሩት። ልጆቹ ግን እንደ አስማት ነው ያዩት። ወዲያው ሁሉም በተወለደበት ዓመት መሞከር ጀመረ። 2003 የተወለደችው ልጅ አምስት ተረፋትና «ቅዳሜ ነው!» ብላ ጮኸች። አንዱ ዜሮ ተረፈውና ተናደደ፤ ያጠፋ መስሎታል። «ዜሮ ሰኞ ነው» አለው። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አወጣ። «ለምን አንድ ማክሰኞ ሆነ? ለምን ሰኞ አልሆነም?» አስተማሪው ደስ አለው። በባሕረ ሐሳብ ጥንተ ቀመር፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ዕለት፣ ማክሰኞ ስለሆነ ነው ብሎ አስረዳው። ለአራት የምናካፍለውስ? ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስለምትሆን። ለሰባትስ? 365 ቀን ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ። ስለዚህ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ትገፋለች፣ ከጳጉሜን ስድስት በኋላ ደግሞ ሁለት።

በመሐል አንድ ሌላ ልጅ «የኢስላም ካላንደርስ?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪው ቆም አለ። «እሱን በደንብ አላውቀውም» አለ። ወዲያው ግን ልጁን «ዓመቱ ስንት ቀን ነው?» አለው። ልጁ ያውቅ ነበር፤ «354፣ አንዳንዴ 355»። «354ን ለሰባት አካፍላት።» ሃምሳ ይደርሳል፣ አራት ይተርፋል። «ስለዚህ አዲሱ ዓመት ስንት ቀን ይገፋል?» «አራት! አንዳንዴ አምስት!» አስተማሪና ተማሪ እዚያው አንድ ላይ አገኙት።

ትርፍ ያለው ማካፈል የታች ክፍል ትምህርት ነው። ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም ረስተውታል። እኔ ለዓመታት ስለ ማካፈል አስተምሬአለሁ፤ ማካፈልን ወዶ የጮኸ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ያልቻልኩትን ያ ልጅ የቻለው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ጭንቅ የለበትም። የሚያርመው ወረቀት፣ የሚሞላው ማርክ፣ የሚጨርሰው ምዕራፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ በዕድሜ ይቀርባቸዋል። ጂንሱ ከነሱ ጂንስ ጋር አንድ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚያው ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ «ይቻላል» ስላቸው ምክር ነው። እሱ ሲላቸው ማስረጃው ራሱ ነው።

እንግዲህ ይህን በአንድ ቅዳሜ በሃያ ክፍል አስቡት።

የሕግ ተማሪ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያስተምር። የተያዘ ሰው ለመጓጓዣ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ስንቱ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል? ስንቱስ ወላጅ? የፊዚክስ ተማሪ ክራር ይዞ ይግባ። ክሩን መሐሉ ላይ ተጭኖ ይምታውና ድምፁ ያው ሆኖ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ከፍ ሲል ያሰማቸው፤ ከዚያ ስለ ድግግሞሽ (ክሩ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ) ያውራ። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ከማካሮኒና ከማስቲሽ ድልድይ ያሠራቸው፤ መጽሐፍ እየጫኑ ማን ቀድሞ እንደሚሰበር ይዩ። የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ የእንጀራ ሊጥ ላይ እርሾው ምን እንደሚሠራ ያሳይ፤ ከዚያ ልጆቹ ቤት ሄደው ለእናቶቻቸው ያስረዱ (እናቶች እንደሚስቁባቸው ይገባኛል፤ ይሳቁ)። የጋዜጠኝነት ተማሪ ቴሌግራም ላይ የሚዞር የውሸት ፎቶ እንዴት እንደሚለይ ያሳይ። የምልክት ቋንቋ የሚያጠና ተማሪ ልጆቹ ስማቸውን በእጃቸው እንዲናገሩ ያስተምር።

ደግሞ አንድ የማትጠቀሙበት ሀብት አላችሁ። ተማሪ የሚመደበው ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሶማሌ ልጅ አለ፣ ጅማ ላይ የጎንደር ልጅ አለ፣ ሐዋሳ ላይ የወለጋ ልጅ አለ። የከተማው ታዳጊ እነዚህን ልጆች ታክሲ ውስጥና ሻይ ቤት ያያቸዋል። ቋንቋቸውን ይሰማል፣ ምን እንደሚሉ አያውቅም። «ሰላምታ በሶማሊኛ»፣ «መቁጠር በሲዳምኛ»፣ «አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዴት ይጻፋል» የሚሉ የአንድ ሰዓት ትምህርቶች ስንት ነገር እንደሚያቀልሉ እናንተም ታውቃላችሁ። በየግቢው ያለፉትን አስቸጋሪ ዓመታት የምታስታውሱ ሰዎች ናችሁና ብዙ አልልም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። የመጀመሪያውን ከራሴ ባልደረቦች ሰምቼዋለሁ። «ልጆቹ እየወደቁ አንተ ስለ ክራር ታወራለህ?» አሉኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ያንገበግበኛል። በ2014 ከተፈተኑት 12ኛ ክፍሎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። በ2017 8.4። እየተሻሻለ ነው፤ ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ አሁንም ይወድቃል። መልሴ ይኸውና። አንድ ቅዳሜ ይህን ቁጥር አይቀይርም። አንድ ቅዳሜ ይቀይረዋል የሚላችሁ ሰው ካለ ውሸቱን ነው። ግን ለሚወድቁት ዘጠና ምናምን ልጆች ያለን መልስ «ያንኑ ደግመህ አጥና» ብቻ ከሆነ፣ አስቀድሞ ተስፋ ለቆረጠ ልጅ ምንም አላልንም። ያ እጁን ያወጣው ዝምተኛ ልጅ በቀጣዩ ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። ማትሪክ ያልፍ እንደሆን እኔም እሱም አናውቅም። መጠየቅ ግን ጀምሯል፤ ለኔ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። «ልጆች ግቢ ውስጥ ገብተው አንድ ነገር ቢሆኑስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በሺሕ የሚቆጠሩ ተፈታኞችን አሳድራችሁ፣ አብልታችሁ፣ ፈትናችሁ የሸኛችሁት እናንተ ናችሁ። ሦስት መቶ ልጅ ለግማሽ ቀን አይከብዳችሁም። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ሃያ ክፍል፣ በየክፍሉ አሥራ አምስት ልጅ፣ ሦስት ዙር። በአንድ ክፍል ሁለት አስተማሪ ይኑር፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ይርዳ፣ አንድ ልጅና አንድ አስተማሪ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። በር ክፍት ይሁን። ወላጅ ፈርሞ ይላክ። የስም ዝርዝር በር ላይ ይኑር፤ ከኛ ትምህርት ቤት መምህራንም አብረን እንመጣለን። የስልክ ቁጥር መለዋወጥ አይፈቀድ። ይህን የምለው የሴት ልጆች አባት ስለሆንኩም ጭምር ነው። ደግሞ እባካችሁ ሽንት ቤቱ ይከፈት። የሚረሳው ሁሌ እሱ ነው።

ሦስተኛው በጀት ነው። እኔ የአበል መስመር ያለበት ማመልከቻ አላቀርብም። ካለ ውሃ ይቅረብ። ግማሽ ቀን ስለሆነ ምሳ አያስፈልግም። የክብር እንግዳ አትጥሩልን። ባነር አታሳትሙ። የመክፈቻ ንግግር ይቅርብን፤ አንድ ንግግር አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ ያ ማለት አንድ ትምህርት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ለልጆቹ ሰርተፍኬት አትስጡ። ይህን ብዙ ሰው አይስማማበትም፤ እኔ ግን አጥብቄ ነው የምለው። ሰርተፍኬት ካለ ልጁ የሚመጣው ለሱ ነው፣ ወላጁም የሚልከው ለሱ ነው። ለአስተማሪዎቹ ግን ስጡ። ወጣቶቹ ሥራ ሲፈልጉ ይጠቅማቸዋል፤ ጊዜያቸውንም የሰጡት እነሱ ናቸው።

ስለ ጊዜው ደግሞ ክረምት አይሁን። ክረምት ላይ ተማሪዎቻችሁ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፣ ግቢውም በክረምት ሠልጣኞች ይያዛል። ሴሚስተር መሐል፣ ሚድ ካለቀ በኋላና የፋይናል ጭንቀት ሳይጀመር አንድ ቅዳሜ ይበቃል። በኛ ከተማ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ብዙ ልጆች ጠዋት ዕቃ ይሸከማሉ፣ ሱቅ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ነው የሚሻለው። ሌላ ከተማ ሌላ ነው፤ የየከተማውን መምህራን ጠይቁ።

ምዝገባው በወረቀት ይሁን። በኢንተርኔት ከተባለ የሚሞላው ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ነው። የትምህርቶቹ ዝርዝር በሁለት ገጽ ይታተምና በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከያንዳንዱ ትምህርት ስም ሥር ሁለት መስመር፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥም ይጻፍ። ከቦታው በላይ ልጅ ከተመዘገበ ዕጣ ይውጣ። በውጤት አይመረጥ። ግማሹ ቦታ ለሴቶች ይያዝ።

ይህን ሁሉ ለምን በግልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ? በተለመደው መንገድ ሞክሬ ስለነበር ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ጋ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በደብዳቤ አምጣው» አሉኝ። በደብዳቤ አመጣሁ። «በትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይምጣ» ተባለ። በእሱ በኩል መጣ። ወደ ማኅበረሰብ አገልግሎት ተመራ። እዚያ ያሉት «ፕሮፖዛል አስገባ፤ በጀቱን አሳይ» አሉኝ። በጀት የለውም ስላቸው ግራ ተጋቡ። በጀት የሌለው ነገር በየትኛው ፎርም እንደሚሞላ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወደ ጥበቃ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ሰምቶኝ ሲያበቃ «የኔም ልጅ 8ኛ ክፍል ነው፤ አስፈርመህ ካመጣህልኝ እኔ በሩን እከፍታለሁ» አለኝ። እስካሁን ካገኘሁት መልስ ሁሉ ግልጹ የእሱ ነበር።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ ውለታ እየለመንኩ አይደለም። የራሳችሁን ሥራ ቀለል ባለ መንገድ እንድትሠሩት መንገድ እየጠቆምኩ ነው። ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ ቢገባም አልቀየምም።

ለተማሪዎቹ ለራሳቸውም አንድ ቃል አለኝ። ግቢ ውስጥ ያላችሁ ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ አመራሩን አትጠብቁ። ኅብረታችሁ፣ ክበባችሁ፣ ዲፓርትመንታችሁ ይጠይቅ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አትበሉ። ለ8ኛ ክፍል ልጅ ብዙ ታውቃላችሁ። ያልገባችሁን ነገር ደግሞ ለልጅ ለማስረዳት ስትሞክሩ ነው የምትደርሱበት። ፋይናል የከበዳችሁ ኮርስ ካለ ከሱ አንድ ሐሳብ ውሰዱና በአንድ ሰዓት ለ12 ዓመት ልጅ ለማስረዳት ተዘጋጁ። ጉድ ታያላችሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ስላይድ አታንብቡ። መብራት ይጠፋል፤ ባይጠፋም ልጆቹ ይተኛሉ። የሚነካ፣ የሚሸተት፣ የሚሰበር ነገር ይዛችሁ ኑ።

ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራንም እንዲሁ። «የካምፓስ ልጅ መጥቶ ሊያሳጣኝ ነው» የሚል ስጋት እንዳለ ሰምቻለሁ። እኔም ያ ወጣት ሰሌዳው ፊት ሲቆም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ሲጮኹ ግን ቅሬታው የት እንደገባ አላውቅም። ደግሞ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ክብሩ ለኔም ይደርሰኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ኃላፊዎች መልስ ለመስጠት ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልጋችሁም። «እሺ» ማለት በቂ ነው። በየከተማችሁ ያሉትን የሁለተኛ ደረጃና የመካከለኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ጥሩ፤ እንመጣለን። ሦስት ነገር ብቻ ንገሩን። የትኛው ቅዳሜ፣ የትኞቹ ክፍሎች፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ። የልጆቹን ስም ዝርዝር፣ የወላጅ ፈቃድና ጠመኔውን እኛ እናቀርባለን። በኛ በኩል ለመጀመሪያው ዙር ሃያ ትምህርት የሚሞላ የካምፓስ ልጅ ከወዲሁ እየጠየቅን ነው። ያ የባሕረ ሐሳቡ ልጅ አንዱ ነው። ሁለተኛዋ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ምግብ ያነቀውን ሰው እንዴት መርዳት እንደሚቻል ታሳያለች። ሦስተኛው «ቼዝ ለጀማሪ» ብሏል፤ ቦርድ የለውም፤ ያለው ሰው ያውሰን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት
ለየዩኒቨርሲቲው የጥበቃ ክፍል